ተመልካች ፊት መስታወት ሲነፋ፦ ሥራው መጨረሻ ላይ ሲወድቅ ለምን ይጨበጨባል?

ጥያቄ፦ ዓይናለም

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከልጆቼና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ከመጡት እናቴ ጋር ሆኜ፣ በምንኖርበት በአሜሪካ አንድ መስታወት ነፊ ከረዳቶቹ ጋር በሕዝብ ፊት ሲሠራ ተመልክቻለሁ። ቦታው ደረጃ በደረጃ የተሠራ መቀመጫ ያለው ሲሆን፣ ፊት ለፊቱ ሁለት ምድጃዎች፣ ግራና ቀኙ የብረት ክንድ ያለው አግዳሚ ወንበርና ለጥ ያለ የብረት ገበታ ነበሩ፤ ማይክራፎን የያዘች አንዲት ወጣት ደግሞ የሚሠራውን እየተከተለች ታስረዳ ነበር። የሚሠራው ዕቃ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ረጅምና ቀጭን ስለነበር፣ እናቴ ቅርጹ ገና መውጣት ሲጀምር «ይሄማ ብርሌ ነው» ብለው ከሁላችንም በላይ በትኩረት ይከታተሉ ጀመር።

ከረጅም ልፋት በኋላ፣ አፉ ተከፍቶ ሥራው አለቀ ባልንበት ሰዓት፣ ዕቃው ከያዘው ዘንግ ተላቅቆ ሲሚንቶው ላይ ወደቀና ተሰባበረ። አዳራሹ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ወዲያው ግን ሕዝቡ አጨበጨበ። ባለሙያው እጁን አንሥቶ ፈገግ ሲል ረዳቶቹ መጥረጊያ ይዘው ስብርባሪውን ሰበሰቡ። እናቴ በነገሩ እጅግ አዘኑ። «ሰው የለፋበት ሲጠፋ አይዞህ ይባላል እንጂ ይጨበጨባል እንዴ?» አሉኝ፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ሙያውን የምታውቁ ወይም አዘውትራችሁ የተመለከታችሁ ካላችሁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። ጭብጨባው የተለመደ ነገር ነው ወይስ የዚያ ቀን ተመልካች ጠባይ? ደግሞም ዋናው ባለሙያ ከተባለው ሰው ይልቅ በቧንቧው የሚነፋው አብዛኛውን ጊዜ ረዳቱ ነበር፤ ታዲያ ሥራው የማን ነው ሊባል ይችላል? ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ፣ ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ መቶ ሰው እያየው፣ ስልክ እየተደቀነበትና ማይክራፎን እየጮኸበት መሠራቱ ሥራውን አይጎዳውም ወይ የሚለው ነው።

መልስ፦ እቶን ዳር

ጤና ይስጥልኝ፣ እኅቴ ዓይናለም። ለእናትዎም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። በዋሽንግተን ግዛት በሚገኝ አንድ አነስተኛ የመስታወት ሥራ ቤት በረዳትነት ስለምሠራ፣ ነገሩ ከእኛ ወገን ሲታይ ምን እንደሚመስል ላስረዳ።

ዕቃው በዚያ ሰዓት መውደቁ እንግዳ ነገር አይደለም። የቀለጠው መስታወት በቧንቧው ጫፍ ተጠቅልሎ ሲነፋ፣ ወደፊት የዕቃው አፍ የሚሆነው ወገን ከቧንቧው ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል፤ ነጻ ሆኖ የሚቀረጸው ቂጡ ነው። አፉን ለመሥራት እንግዲህ ዕቃው ከወዲያኛው ወገን መያዝ አለበት። አንዱ ረዳት ክፍት ባልሆነ ዘንግ ጫፍ ላይ ጥቂት ትኩስ መስታወት ይዞ ይመጣና የዕቃው ቂጥ መካከል ላይ ያጣብቀዋል። ዋናው ባለሙያ ቀድሞ በመቆንጠጫ አጥብቦ መስመር ባወጣለት ቦታ ላይ ውኃ ጠብ ያደርግና ቧንቧውን በእንጨት መታ ሲያደርገው፣ ዕቃው ከቧንቧው ተለይቶ ዘንጉ ላይ ይቀራል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የዕቃው ክብደት ሁሉ የተንጠለጠለው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማትሰፋ ማጣበቂያ ላይ ነው። ማጣበቂያዋ ከመጠን በላይ ከሞቀች ከዕቃው ጋር ትዋሐድና ኋላ ሲለያዩ ቂጡን ቦድሳ ትሄዳለች፤ ከመጠን በላይ ከበረደች ደግሞ በትንሽ ንቅናቄ ትለቃለች። እርስዎ እንደጻፉት አፉ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ከወደቀ፣ ምናልባት አፉን ለማለስለስ ደጋግመው እሳት ውስጥ ሲያገቡት ቂጡ ወደ ውጭ ቀርቶ በርዶባቸው ይሆናል። በእጅ የተነፋ ዕቃ ቤትዎ ካለ ገልብጠው ቂጡን ይዳስሱት፤ ሻካራ ጠባሳ ወይም በሞረድ የተስተካከለ ክብ ምልክት ቢያገኙ፣ ያ ዘንግ የተላቀቀበት ቦታ ነው።

ሁለቱን ምድጃዎች አይተዋል። አንደኛው መስታወቱ ቀልጦ የሚጠብቅበት እቶን ሲሆን፣ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ይነድዳል። ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለው ዕቃ በየጊዜው እየገባ የሚሞቅበት ነው። ከእሳት የወጣ መስታወት ለመቀረጽ የሚታዘዘው ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ባለሙያው ከወንበሩ እየተነሣ ወደ ምድጃው የሚመላለሰው ስላመነታ ሳይሆን ይህች ጊዜ ስላለቀችበት ነው። መስታወቱ ከ500 ዲግሪ በታች ወርዶ ከቆየ ደግሞ በድንገት ሊሰነጠቅ ይችላል። የቧንቧው መሽከርከርም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የሞቀ መስታወት ፈሳሽ ስለሆነ መዞሩ ከቆመ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ እጃችን ሌላ ነገር እየሠራ፣ ዓይናችን ሌላ እያየ ቧንቧው ግን እንደ ፈታይ እንዝርት መዞሩን አያቋርጥም። አዲስ ረዳት ሥራ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚማረው ይህንኑ ማዞር ነው።

ስለ መንፋቱ የጠየቁት ብዙ ተመልካች የሚጠይቀው ነው። ዋናው ባለሙያ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግራ እጁ ቧንቧውን በወንበሩ ክንዶች ላይ እያንከባለለ፣ ቀኝ እጁ ታጥፎ ውኃ የተነከረ ጋዜጣ ይዞ የጋለውን መስታወት ከሥር ይደግፋል። በጋዜጣውና በመስታወቱ መካከል የሚፈጠረው እንፋሎት መዳፉን ከመቃጠል፣ መስታወቱንም ከመጫር ይጠብቃል፤ ጢሱና የተቃጠለ ወረቀት ሽታው ከዚያ ነው የሚመጣው። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ አፉን ወደ ቧንቧው ጫፍ ማድረስ ስለማይችል፣ ረዳቱ ተንበርክኮ «ንፋ» ሲባል ይነፋል፣ «በቃ» ሲባል ያቆማል። የሚፈለገውም ትንፋሽ ሰው እንደሚያስበው ብዙ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ነፍቶ የቧንቧውን ቀዳዳ በአውራ ጣት መድፈን ይበቃል፤ ውስጥ የቀረው አየር በሙቀቱ ኃይል ራሱ ተስፋፍቶ የመጀመሪያዋን አረፋ ይከፍታል። እንግዲህ ሥራው የማን ነው ከተባለ፣ ሙቀቱን የሚያዝዘው ሰው ነው ባይ ነኝ። በእኛ አካባቢ፣ በታኮማ ከተማ የተወለደው ዴል ቺሁሊ እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ አገር በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን ብርሃን አጣ፤ በ1979 ደግሞ ትከሻው ከተጎዳ በኋላ ቧንቧውን ለሌሎች ትቶ፣ እየሣለና እያዘዘ ቡድኑን መምራት ጀመረ። ስሙ በዓለም የገነነባቸው ግዙፍ ሥራዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን የማይወዱት ሰዎች አሉ፤ ምድጃ አጠገብ የቆመ ሰው ግን ብዙ አይገርመውም።

አሁን ወደ ጭብጨባው ልምጣ። አዎን፣ የተለመደ ነው፤ በተለያየ ቦታ አይቼዋለሁ። ተመልካቹ በመሰበሩ ደስ ብሎት አይደለም። ትንፋሹን ይዞ ሲከታተል ስለቆየ በሆነ መንገድ ሊያወጣው ይፈልጋል፤ «ሙከራህን አይተናል» ማለቱም ነው። በእኛ ሥራ ቤት ግን ተመልካች በሌለበት ቀን ዕቃ ሲወድቅ ማንም አያጨበጭብም፤ ዝም ብሎ ይጠረግና ባለሙያው አዲስ ቧንቧ ያነሣል። እናትዎ «አይዞህ ይባላል» ማለታቸው እንግዲህ ከተመልካቹ ይልቅ ወደ እኛ ወገን የቀረበ ነው። የቧንቧው ቀዳዳ እስኪጸዳ ድረስ አብሮት የቆመ ረዳት የሚለውም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም።

መልስ፦ ነገር በሚዛን

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ የወይዘሮ ዓይናለም ሦስተኛ ጥያቄ ሳይመለስ የቀረ ይመስለኛል። በእኔ አስተያየት በሕዝብ ፊት የሚሠራው አብዛኛው ሥራ ከጥበብ ይልቅ ለትርኢት የቀረበ ነው። ቬኒስ አጠገብ ባለችው በሙራኖ ደሴት ከጎብኚዎች ጋር ተሰልፌ ገብቼ ነበር። አንድ አዛውንት ከእቶኑ ጥቂት የጋለ መስታወት አወጡና በወረንጦ እየሳቡና እየቆነጠጡ፣ ሻይ ተቀድቶ እስኪቀርብ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ አወጡ። እጃቸው በእውነት ያስደንቃል። ሆኖም ፈረሱ ከድፍን መስታወት የተሳበ እንጂ አንድም ትንፋሽ ያልገባበት ነው፤ ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም ለገባው ቡድን ያንኑ ፈረስ ሠርተዋል፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ መሸጫው አዳራሽ ተመራን።

ተመልካች ፊት የሚቀርብ ባለሙያ በተወሰነ ሰዓት መጀመርና በተወሰነ ሰዓት መጨረስ ስላለበት፣ እጁ የለመደውን ይመርጣል። አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው መበላሸትን ማሳየት አይወድም። ስለዚህ የተሻለው ሥራ በር ተዘግቶ ይሠራል፤ እኛ የምናየው ደግሞ የተረፈውን ነው። ይህን ስል ባለሙያዎቹን ለማሳነስ አይደለም፤ ተመልካቹ ያየውን በልክ እንዲያውቀው ብቻ ነው።

መልስ፦ የኬሚስትሪ መምህር

ከነገር በሚዛን ጋር በከፊል እስማማለሁ፤ «አዲስ ነገር የሚሞክር ሰው መበላሸትን ማሳየት አይወድም» የሚለውን ግን አንድ ትልቅ ታሪክ ያፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1934 በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው በኮርኒንግ ከተማ፣ ለፓሎማር ተራራ ቴሌስኮፕ የሚሆን 200 ኢንች፣ ማለትም አምስት ሜትር ከጥቂት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የመስታወት ገበታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈስስ፣ ጋዜጠኞችና እጅግ ብዙ ተመልካች ተጋብዘው ያዩ ነበር። ከዚያ በፊት ያን ያህል ስፋት ያለው መስታወት የሠራ አልነበረም። የቀለጠው መስታወት በትልልቅ ጭልፋ እየተቀዳ ሲፈስስ፣ ከሙቀቱ ብዛት መስታወቱ የሚፈስስበት ቅርጽ ውስጣዊ ክፍሎች ከታሰሩበት ተላቅቀው ወደ ላይ ተንሳፈፉ፤ ገበታውም ለታሰበለት ዓላማ ሳይውል ቀረ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር እንደገና ፈሰሰና ተሳካ፤ ቴሌስኮፑም በ1948 ተመረቀ። የተበላሸው የመጀመሪያው ገበታ ግን አልተጣለም። እ.ኤ.አ. በ1951 በተከፈተው በኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም ውስጥ ቆሞ እስከ ዛሬ ይጎበኛል። መነፋት ሳይሆን መፍሰስ ስለሆነ ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ ነገር ግን በሕዝብ ፊት የተደረገ እውነተኛ ሙከራ ነበር።

ይህን ካነሣሁ ዘንድ፣ ተመልካች በፍጹም የማያየውንና እኔ ከሥራው ሁሉ ዋናው የምለውን ክፍል ልጨምር። እኅታችን ዓይናለም ያዩት ዕቃ ባይወድቅ ኖሮ፣ አንድ ረዳት ወፍራም ሙቀት የማያሳልፍ ጓንት አጥልቆ ይቀበለውና ወደ ሦስተኛ ምድጃ ይዞት ይሮጥ ነበር። ይህ ማብረጃ ምድጃ ወደ 500 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይዞ ይጠብቃል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ መስታወት ሙቀት በደንብ የሚያስተላልፍ ነገር አይደለም። የጋለ ዕቃ አየር ላይ ቢተው ላዩ ቀድሞ በርዶ ይጠነክራል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲበርድ ሊኮማተር ቢሞክርም የጠነከረው ላይኛው ክፍል አያላውሰውም። በዚህ ጊዜ በዓይን የማይታይ ውጥረት ዕቃው ውስጥ ታምቆ ይቀራል፤ ዕቃውም ማንም ሳይነካው፣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ሊፈነዳ ይችላል። ማብረጃው ምድጃ ላዩና ውስጡ እኩል ሙቀት እንዲኖራቸው ካደረገ በኋላ ቀስ በቀስ ያወርደዋል። ስስ ዕቃ በአንድ ሌሊት ሲበቃው፣ ወፍራም ቅርጽ ቀናት ይፈጅበታል። የፓሎማሩ ሁለተኛ ገበታ ለመብረድ አሥር ወር ገደማ ፈጅቷል።

ቀለም የሚጨመርበት ሥራ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሁሉም መስታወት ሲሞቅ የሚለጠጠው፣ ሲበርድም የሚኮማተረው በእኩል መጠን ስላልሆነ፣ ባሕርያቸው የማይስማማ ሁለት መስታወቶች በሥራው ሰዓት ያለ አንዳች ችግር ተዋሕደው ሲበርዱ ይሰነጠቃሉ። ስለዚህ ተመልካች አጨብጭቦለት ከሄደ ዕቃ መካከልም በማግሥቱ ምድጃው ሲከፈት ተሰንጥቆ የሚገኝ አለ። ጭብጨባው ትክክለኛ ሰዓቱን ይጠብቅ ከተባለ፣ አዳራሹ ባዶ በሆነበት በዚያ ጠዋት ሊሆን ነው ማለት ነው።

መልስ፦ ታሪክ ወዳድ

ውይይቱ ሙራኖን ስላነሣ፣ በር ዘግቶ መሥራትና በር ከፍቶ መሥራት በመስታወት ታሪክ ውስጥ ምን ያህል ትልቅ ጉዳይ እንደነበረ ላስታውስ። የቬኒስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1291 እቶኖቹን ከከተማዋ አውጥቶ ወደ ሙራኖ ሲያዛውር አንዱ ምክንያት የእሳት አደጋ ፍራቻ ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ደሴቲቱ ምሥጢር መጠበቂያ ሆነች። ባለሙያዎቹ ጥበባቸውን ይዘው ወደ ሌላ አገር እንዳይሄዱ በሕግ ተከለከሉ፤ ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ብቻ የሚተላለፍ ሆኖ ለብዙ መቶ ዓመታት ቆየ። በአገራችንም አንጥረኛውና ሸማኔው ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምር ስለነበር ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ የቬኒሱን ሕግ ያስከብር የነበረው መንግሥት መሆኑ ነው።

ይህ በር ሲከፈት ምን እንደሆነ ለማየት የሊኖ ታሊያፒየትራን ሕይወት መመልከት ይበቃል። በ1934 በሙራኖ ተወልዶ በ11 ዓመቱ ሥራ ቤት የገባው ይህ ሰው፣ በ21 ዓመቱ የመምህርነት ማዕረግ አገኘ። በ1979 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ፣ ቺሁሊና ጓደኞቹ በ1971 ከሲያትል በስተሰሜን በመሠረቱት በፒልቸክ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረ። ማስተማሩ ደግሞ በተማሪዎች ፊት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መሥራት ነበር። አሜሪካውያኑ እስከዚያ ድረስ በቂ ድፍረት ነበራቸው፤ ስስና የተስተካከለ ዕቃ ለማውጣት የሚያስችለውን የእጅ ሥርዓት ግን ብዙዎቹ በመገመት ነበር የሚሠሩት። ከሙራኖ ሰዎች አንዳንዶቹ የአገሩን ምሥጢር አሳልፎ ሰጠ ብለው አዘኑበት። እርሱ ግን በየዓመቱ እየተመላለሰ በማየት የሚማር አንድ ትውልድ አፈራ፤ ራሱም ከወጣቶቹ ድፍረት ወስዶ፣ በፋብሪካ ውስጥ ቢቀር ምናልባት የማይሞክራቸውን ሥራዎች ሠራ። ነገር በሚዛን «የተሻለው ሥራ በር ተዘግቶ ይሠራል» ሲሉ፣ ይህን ሰው የት እንደሚያስቀምጡት ማወቅ እፈልጋለሁ።

መስታወትን ከፋብሪካ ውጭ በግል ሥራ ቤት የመሥራት የአሜሪካው እንቅስቃሴ አጀማመርም ቢሆን ከመመልከት ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሃርቪ ሊትልተን የተባለ የሸክላ ሥራ መምህር፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊሠራበት የሚችል ትንሽ እቶን በቶሊዶ ሙዚየም ቅጥር ግቢ ውስጥ ተክሎ ጥቂት ተማሪዎችን ሰበሰበ። መስታወት መነፋት እስከዚያ ጊዜ ድረስ የፋብሪካ ሥራ ብቻ ነበርና፣ ከተሰበሰቡት መካከል ቧንቧ አያያዝ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። ከሊቢ የመስታወት ፋብሪካ በጡረታ የወጡ አንድ ነፊ መጥተው እንዴት እንደሚነፋ ባያሳዩአቸው ኖሮ ብዙ ይንገላቱ ነበር።

በዚህ አጋጣሚ፣ የወይዘሮ ዓይናለም እናት ያነሡት ብርሌ አንድ ነገር አስታወሰኝ። መስታወት በቧንቧ መነፋት የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት በሶርያና በፍልስጥኤም ጠረፍ አካባቢ ነው፤ ጥንታዊ ከሚባሉት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ዓ.ም. የተጻፈ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል በግብፅ የሚሠሩ የመስታወት ዕቃዎችን ይቆጥራል። አክሱማውያን እንግዲህ ዕቃውን ያውቁት ነበር።

መልስ፦ ነገር በሚዛን

ታሪክ ወዳድ ላነሡት ጥያቄ፦ በተማሪ ፊት መሥራትና ትኬት በቆረጠ ጎብኚ ፊት መሥራት አንድ አይደሉም። ተማሪ የሚያየውን ነገ በእጁ ይሞክረዋል፤ መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ አስቸጋሪውን መርጦ ያሳያል። ጎብኚ ግን ፎቶግራፍ አንሥቶ ይሄዳል። ስለ ሊኖ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ የእኔን ነጥብ ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

መልስ፦ እቶን ዳር

ልዩነቱን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሚገናኙበት ጊዜ አለ። በታኮማ እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተውን የመስታወት ሙዚየም ብትጎበኙ፣ ወደ 27 ሜትር ከፍታ ባለው ዘንበል ያለ የብረት ሾጣጣ ሥር እቶኖቹ ተደርድረው፣ ተመልካቹ ዙሪያውን ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የቤቱ ቡድን ቋሚ ሆኖ፣ ከተለያየ አገር የሚጋበዙ ሠዓሊያንና ቀራጺያን እየመጡ ይሠሩበታል። ተጋባዡ የሚያመጣው ንድፍ ቡድኑ ከዚያ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎብኚው የሚያየው መመካከርና መጨቃጨቅ ለእርሱ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ አራት አምስት ሰዎች አንድ ቅርጽ ከበው ማን ምን እንደሚይዝ በጣት ሲጠቋቆሙ ይታያሉ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሥራ በኢንተርኔትም በቀጥታ ስለሚተላለፍ ራቅ ብላችሁ የምትኖሩ ልትከታተሉት ትችላላችሁ።

ማይክራፎኑና ስልኩ ይረብሻል ወይ ለተባለው፣ ከእኔ ልምድ ብነሣ የሚረብሸው ድምፅ አይደለም። የምድጃው ጋዝ ራሱ እየጮኸ ስለሚውል እርስ በርሳችን የምንግባባው በአጭር ቃል፣ በዓይንና በእጅ ምልክት ነው። የሚያስቸግረው ተመልካች ሲበዛ ባለሙያው ለማሳመር ብሎ አንድ ተጨማሪ ጊዜ ቅርጹን መነካካቱ ነው። ሊበቃው በሚገባው ቦታ ላይ ሳያቆም አንገቱን ትንሽ ላርዝመው፣ አፉን ትንሽ ላስፋው ሲል ሙቀቱ ያመልጠዋል። ጭብጨባ የሚወድ ባለሙያ ዘንግ ይዤ ስጠብቅ ይህን አይቻለሁ።

ዓይናለም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጽሑፉን ለእናቴ አንብቤላቸው፣ ረዳቶቹም አይዞህ እንደሚሉት ሲሰሙ ደስ አላቸው። ሁለት ነገር ልጨምር። አስተናጋጇ ዕቃው ሰማያዊ እንደሆነ ደጋግማ ስትናገር፣ እኛ ግን እስኪወድቅ ድረስ ያየነው ብርቱካናማ ፍም ብቻ ነው፤ ይህ እንዴት ይሆናል? ደግሞም ልጆቼ እንደገና ካልሄድን እያሉኝ ነው፤ ለእነርሱ የሚሆን የተለየ ነገር ካለ ብትጠቁሙኝ።

መልስ፦ እቶን ዳር

ትክክል ነው ያያችሁት። የጋለ መስታወት የራሱን ብርሃን ስለሚያወጣ ውስጡ ያለው ቀለም በዚያ ብርሃን ይዋጣል፤ ሰማያዊው የሚታየው ሲበርድ ነው። ለሰማያዊ የምንጠቀምበት ኮባልት እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ጥቂቱ ይበቃል። ወርቅ ገብቶበት የሚቀላው መስታወት ደግሞ መጀመሪያ ቀለም የሌለው መስሎ ቆይቶ፣ በርዶ እንደገና ሲሞቅ ነው የሚቀላው። ባለሙያው እንግዲህ ዓይኑ ሌላ ቀለም እያየ፣ በሐሳቡ የነገውን ይዞ ይሠራል ማለት ነው። አንዳንድ ቀይና ቢጫ ቀለሞች ደግሞ ከመጠን በላይ ደጋግመው ከሞቁ ስለሚበላሹ፣ ባለሙያው ስንት ጊዜ ወደ እሳት እንደመለሰው በልቡ መያዝ አለበት።

ለልጆቹ፣ ቀደም ብዬ ያነሣሁት የታኮማው ሙዚየም ልጆች የሣሉትን ምናባዊ ፍጥረት ተቀብሎ፣ ከተመረጡት ሥዕሎች መስታወት የሚሠራበት ፕሮግራም አለው። ሥዕሉ ሲመረጥ ሁለት ቅርጽ ይሠራል፤ አንዱ በሙዚየሙ ይቀራል፣ አንዱ ለልጁ ይሰጣል። ባለሙያዎቹ ያን ሥራ በጣም ይወዱታል፤ ልጅ የሣለው ሦስት እግርና አንድ ዓይን ያለው ፍጥረት የትኛውም ሥራ ቤት ውስጥ ተለምዶ አያውቅምና።

በሌላ ቦታም ቢሆን ስትሄዱ ሥራው ሳይጀመር ድረሱ። ቀለሙ መስታወቱ ላይ የሚደረገው ገና መጀመሪያ ላይ፣ ቅርጹ ምንም ሳይመስል ነው፤ አርፍዶ የሚመጣ ተመልካች ይህ ሁሉ ያልፈዋል። የፊተኛው ረድፍ ምድጃው ሲከፈት ስለሚሞቅ፣ እናትዎ መካከለኛው ረድፍ ላይ ቢቀመጡ ይመቻቸዋል፤ ከዚያ ሆነው የረዳቶቹን እጅም ጭምር ያዩታል።